የዝናብ መለኪያው ምስክርነት

የተመራማሪው የይግዛው ሬሳ በንፋስ መውጫ ከተማ ጥግ ባለችው ትንሽ የአየር ጠባይ ጥናት ጣቢያ፣ ከመሣሪያ ክፍሉ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በብረት ዘንግ ተመትቷል፤ ሐኪሙ የሞቱን ጊዜ ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው አለ። በሩ እንደ ተቆለፈ ነበር። ቁልፍ የሚይዙት የጥናቱ መሪ ደምሌ፣ ረዳቷ ሊድያና ዘበኛው ጥላዬ ብቻ ናቸው።

ኢንስፔክተር ካሳ ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ደርሷል። ከሟች አጠገብ ሲንበረከኩ ጉልበታቸው ተንቋቋ። ሞት ሰለቻቸው እንጂ አልለመዱትም።

ጥላዬ ሰሞኑን ከሟች ጋር ተጣልቶ ነበርና አስቀድሞ በካቴና ታስሯል።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበርህ?»

«ተኝቼ፣ ጌታዬ። ለእንቅልፍ ምስክር ከየት ይመጣል?»

ሊድያ ቤተ ልሔም በተባለችው ደብር ከአክስቷ ተዝካር ውላለች፤ ካህናቱ መሰከሩላት።

«ሟች ምን ይሠራ ነበር?» አሏት።

«ከሳተላይት የዝናብ መረጃ የሚሰጠውን የኢንተርኔት አገልግሎት ይፈትን ነበር። መሬት ላይ ካለው መለኪያ ጋር ሲያስተያየው፣ ‹ይኼ ደመና ያያል እንጂ ጠብታ አያይም› ይል ነበር። የጋሽ ደምሌ የዶክትሬት ጥናት ግን የቆመው በዚያው መረጃ ላይ ነው።»

ደምሌ አልተደናገረም። «አርብ ገበያ ከተማ ነበርሁ። ዝናቡ ይዞኝ እዚያ ከተከልነው የዝናብ መለኪያ አጠገብ ካለው ዳስ ተጠልዬ አመሸሁ። ካላመኑኝ ኢንተርኔቱን ይክፈቱት።»

ተከፈተ፤ እንዳለውም ዝናቡ ተመዝግቧል።

ካሳ ቁና ቁና እየተነፈሱ አርብ ገበያ ወረዱ። በማግስቱ ሦስቱን ሰበሰቡ።

«መለኪያው ከአውድማ ዳር ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ገበሬውን ስለ ዝናቡ ብጠይቀው ‹ቢዘንብማ ጤፌ በበሰበሰ› ብሎ ሳቀብኝ። ሳቅ ማስረጃ አይሆንምና መለኪያውን አየሁት። ይግዛው በሞተበት ዕለት ጧት ሲያበራዩ ነፋሱ የነዛው እብቅ ከአፉ ላይ እንደ ዱቄት ደርቆ ተቀምጧል፤ ጠብታ ቢነካው በተጋገረ ነበር። የአውድማው የእበት ልቅላቂም አልታጠበም። ደመናው አለፈ እንጂ አልዘነበም። ያ ዝናብ የዘነበው በኢንተርኔቱ ላይ ብቻ ነው፤ አቶ ደምሌም ያገኙት ከዚያ ነው። ንጹሕ ሰው ባልዋለበት አገር ዝናብ አይጠለልም። ይግዛው ፈተናውን ቢጨርስ የማን ጥናት ይፈርስ ነበር?»

ሊድያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ስለ ዝናቡ እንኳ መዋሸቴ አልነበረም» አለ ደምሌ። «በእውነት የዘነበ መስሎኝ ነበር።»

ካሳ የጥላዬን እጅ ፈትተው፣ ካቴናውን ሳይቀዘቅዝ ለባለቤቱ ለደምሌ አስረከቡ።