ቀትር ላይ የደፈረሰው ውሃ

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ጋኔን፣ ዛር፣ የቀትር ምናምን ሲሉኝ ስቄ የማልፍ ሰው ነበርኩ፣ ይህንንም የምነግርህ ብቻዬን መያዙ ስለከበደኝ ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ረግረግ የሚወጣ ጅረት ነበር፣ በተለይ ጭቃው ውስጥ የሚኖሩትን፣ አልቅቱን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ቀዩን ትል፣ ባለ ሦስት ጭራዋን እጭ፣ ስንት ዓይነት እንዳሉ ቆጥሬ የውሃውን ጤንነት ማወቅ ነው ሥራዬ። ሁለት ሆነን ነበር የምንሠራው፣ አንዱ ከላይ ቆሞ እንደ ምርጊት ጭቃ ወለሉን ይረግጣል፣ ሌላው ከታች መረብ ይዞ ውሃው የሚያመጣውን ይቀበላል፣ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ባለ መረቡ «በቃ» ይላል። የምትረግጥልኝ ባለቤቴ ትርንጎ ነበረች። «የሰው ባል ሚስቱን ያዝናናል፣ የኔው አልቅት ያስጠባኛል» እያለች ታስቀኝ ነበር።

በጥር ለሦስተኛው ናሙና ስንሄድ ታስላለች። መረቡ ባዶ ሆነብኝና ሰዓቱ ካለፈም በኋላ «ትንሽ ጨምሪ» አልኳት፣ ጨመረች፣ ደግሜ «ትንሽ» አልኳት፣ ከንፈሯ እስኪጠቁር። በወሩ ሳንባዋን ታማ ሞተች። ሐኪሙ በሽታው ቀድሞም ነበረባት አለኝ፣ እናቷ ደግሞ በቀትር ውሃ ውስጥ ማን አስገባት አሉ። 

አራተኛው ናሙና ቀርቶኝ ነበር፣ ያለሱ እሷ የደከመችበት ሁሉ ከንቱ ነው፣ ስለዚህ ሚያዝያ ላይ ብቻዬን ሄድኩ፣ እንደ ልማዳችን በቀትር፣ ፀሐይዋ ወለሉን ስለምታሳይ። ዳር ላይ ከብት የሚጠብቁ አያ ጫኔ የሚባሉ ሽማግሌ «ልጄ፣ በዚህ ሰዓትማ ውሃ አይገባም፣ ፀሐይ ዘንበል ትበል» አሉኝ። «ቶሎ እወጣለሁ» ብዬ ገባሁ።

መረቡን ይዤ ቆምኩ። ብቻውን የሚሠራም አለ፣ እኔ ግን አለሷ ሠርቼው አላውቅም፣ አልደብቅህም፣ እዚያው አለቀስኩ። ያኔ ከላይ በኩል የመንቦጫረቅ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥርት ያለው ውሃም እየደፈረሰ ወደ መረቤ መጣ። ሁለቴ ረገጥ፣ ዕረፍት፣ ሁለቴ ረገጥ፣ የትርንጎ አረጋገጥ ነው፣ ግራ ጉልበቷን ስለሚያማት ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር። እመነኝ፣ ቀና ልበል ብል አንገቴ እምቢ አለኝ። መረቡ ውስጥ እጮቹ ይራወጣሉ፣ በሦስቱም ጉዟችን ያላገኘናቸው ዓይነቶች ሳይቀሩ። ከዚያ ሳል መጣ፣ አንዴ፣ አጠር ያለ።

ሰዓቴን እንኳ አላየሁም። «በቃ ትርንጎዬ፣ በቃ፣ ውጪ» አልኩ። ድምፁ ቆመ። ቀና ስል ማንም የለም፣ ውሃው ቀስ እያለ ይጠራል።

«አያ ጫኔ፣ ከብት ገብቶ ነበር?»

«ከብቱማ ይኸው፣ ሁሉም እዚህ ተኝቷል» አሉና «ከማን ጋር ነበር የምታወራው?» አሉኝ።

መረቤን ይዤ ወጣሁ። ናሙናውን ቆጥሬ ጥናቱን ጨረስኩ፣ ዲግሪውንም ሰጡኝ። አንዳንዴ ዝም ብዬ ብቆይ ኖሮ ፊቷን አይ ነበር እላለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቶሎ ማሳረፌ ደግ ሆነ ብዬ እጽናናለሁ፣ ብርዱ ሲመጣ ግን ይህም መጽናኛ ይጠፋብኛል፣ ውጪ አልኳት እንጂ ከውሃው ስትወጣ አላየኋትም።