የዙምራ ሰንሰለት አድማጮች

የሳቢራ ሐይቅ ወፎች ጎጇቸውን ጥለው የሄዱ ዕለት፣ ናርዳ ጆሮዋን ታላቁ ሰንሰለት ላይ እንደለጠፈች ብረቱ ሲያቃስት ሰማች። ከውሃው በታች ዘንዶው ዙምራ ታስሮ ተጋድሟል። እሱ እስከታሰረ ድረስ የዘርሜራ መንግሥት ሰላም ናት።

የሰንሰለቱን ድምፅ የሚከታተሉ አድማጮች ድሮ ብዙ ነበሩ። ዛሬ የቀሩት ወጣቷ ናርዳና ሽማግሌው አባቷ ኦሪም ብቻ ናቸው። የአድማጮች ልማድ ለማያውቀው ሰው እብደት ይመስላል፤ ሰንሰለቱን ከዐለቱ ጋር የያዙትን ችንካሮች ክረምት በወጣ ቁጥር ገና ደህና ሳሉ ይነቅሉና በአዲስ ይተካሉ። ንጉሥ ደልማር ይህን አይቶ «ጤነኛ ብረት ይጣላል እንዴ!» ብሎ አድማጮቹን በተናቸው። የተቀመጡትን መለወጫ ችንካሮች አቅልጦም ዘንዶ በጦር ሲወጋ የሚያሳይ የራሱን ሐውልት አሠራበት። ሰውየው ዘንዶ በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ናርዳ ዙፋኑ ፊት ተንበረከከች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ችንካሩ ሊሰበር ነው። ጥቂት ብረት ይፍቀዱልኝ።»

«ለመሆኑ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ያውቃል?»

«አያውቅም። ያልተበጠሰው ግን እኛ...»

«ካልተበጠሰማ እናንተ ምን ሠራን ልትሉ ነው? ዙምራ ቢወጣም የሚገድሉት ጀግኖች አሉኝ!»

መኳንንቱ ሳቁ። ያልደረሰ ጥፋት አምጥታ አታሳያቸው ነገር። ተነሥታ ወጣች።

በር ጠባቂው ጌርሶን ግን ጋሻውን አንግቶ ተከተላት። «ልጆቼ የሚያድሩት ሐይቁ ዳር ነው» አላት፤ ሌላ ምክንያት አልጨመረም። ኦሪምም ከንጉሡ ሰዎች ደብቆ አልጋው ሥር የቀበረውን አንድ ችንካር አወጣ። ሦስቱም አብረው የጭጋግ ጅቦች የሚያደቡበትን ገደል ወጡ። ጌርሶን ሲከላከልላቸው እግሩን ተነክሶ እያነከሰ ደረሰ።

የተሰነጠቀውን ነቅለው አዲሱን መቱ። ናርዳ እፎይ ልትል ስትል ጆሮዋን መልሳ ለጠፈች። የሰንሰለቱ ክብደት ለብቻው ተጭኖት የከረመው ጎረቤት ችንካርም እየተሰነጠቀ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄኛውም...»

ቃሏን ሳትጨርስ ችንካሩ ተሰብሮ ወደ ሐይቁ ወደቀ። ውሃው ፈላ። ዙምራ ተገላበጠ፣ ተራራውም ተናወጠ።

ኦሪም ባዶውን ቀዳዳ አየ። ማንኛውም አድማጭ ሥራ ሲጀምር «ብረት በጠፋ ቀን ብረት እሆናለሁ» ብሎ ይምላል። ናርዳ ይህን ለወግ የሚባል ነገር አድርጋ ነበር የምታየው።

«አባዬ፣ ተው! እባክህ!»

«ማልቀሱን ኋላ ትደርሺበታለሽ። መዶሻውን አንሺ ልጄ፤ ያልተመታ ችንካር አይዝም።»

ክንዱን እስከ ትከሻው ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ መሐላውን በታላቅ ድምፅ አሰማ። ሰውነቱ ከጣቶቹ ጀምሮ እየጠቆረ፣ እየጠነከረ ሄደ። ናርዳ ዓይኗን ጨፍና አባቷን መታችው። ደግማ መታችው። ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ዙምራም እያጓራ ወደ ጥልቁ ሰመጠ።

ከተማው ውስጥ ግን አንድ ዋንጫ እንኳ አልወደቀም።

«አላልኩሽም?» አላት ንጉሡ ዙፋኑ ፊት ስትመለስ ደስ ብሎት። «ይኸው አልተበጠሰም!»

ጌርሶን ያየውን ሊመሰክር አፉን ቢከፍት ጥበቃ ጥሎ የሄደ ብለው እየጎተቱ አስወጡት። ናርዳ በግንባሯ ተደፋች።

«የመጪውን ክረምት መለወጫ ብቻ፣ ንጉሥ ሆይ። አንድ ችንካር።»

«ደህናውን ልትነቅዪ?»

መኳንንቱ እንደገና ሳቁ።

ተራራው ላይ ተመልሳ ጆሮዋን ጥቁሩ ብረት ላይ አሳረፈች። ውስጡ የአባቷ ልብ በዝግታ ይመታል። እስካሁን ደህና ነው። በቦታው የምትተካው ችንካር ግን የላትም። የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ጀርባዋ ላይ ሲወርድም ጆሮዋን አላነሳችም።