ጋፋት ነው በይው

ተስፋነህ ጣቱን ከገብሱ ላይ አነሳ።

«ባጃጅ» አለ።

ስርጉት ጆሮዋን ቀሰረች፤ ምንም አልሰማችም። በሰፌዱ ላይ በተዘረጋው ገብስ ውስጥ ወንድሟ በጣቱ የጀመረው «ጠ» ሁለት እግር ብቻ ይዞ ቀርቷል።

«መንገደኛ ነው፤ ያልፋል። ሦስተኛውን እግር ጨርስ እንጂ፣ አቦ ተስፌ!»

«ቆመ» አለ ተስፋነህ።

እውነትም ትንሽ ቆይቶ የውጭው በር ተንኳኳ። ተስፋነህ ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፍኖ፣ ግድግዳው ሥር ከተደረደሩት የስንዴ ጆንያዎች መሃል ተወሸቀ።

ክፍሏ የእህል ማስቀመጫ ነበረች። አሁን ትምህርት ቤት ናት፤ ተማሪዋ አንድ፣ አስተማሪዋም አንድ። ተስፋነህ አንደኛ ክፍል የገባ ሰሞን፣ ደወል ተብሎ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ ዴስክ ሥር ገብቶ እየጮኸ አልወጣም አለ። ሊያወጣው የሞከረውን መምህር እጅ ነከሰ። «ቤት አቆዩት» ተባለ። ያን ጊዜ ጎረቤት ተከራይታ የነበረች ሰላማዊት የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት እናታቸውን ቁጭ አድርጋ አስረዳቻት። «ልጁ አላበደም። ጆሮውም ቆዳውም ከእኛ አብልጦ ይሰማል። ለእኛ ድምፅ የሆነው ለእሱ ዱላ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ስርጉት ጠዋት ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች፤ ከሰዓት ታስተምራለች። የጠመኔ ድምፅ ስለሚያመው በገብስ ላይ ይጽፋሉ። ሸካራ ልብስ አይለብስም። ከእሷ በቀር ማንም እጁን እንዲይዘው አይፈቅድም። ግን ይደምራል፣ ይቀንሳል፤ ፊደሉን ከ«ሀ» ተነስቶ ዛሬ «ጠ» ደርሷል።

የመጡት አጎታቸው አቶ በላይነህ ነበሩ፤ የአባታቸው ታላቅ ወንድም፣ እብናት ከተማ እህል የሚነግዱ። እንደ ወትሯቸው ማር ይዘዋል። ስርጉት ትወዳቸዋለች። ሕፃን ሆና ታማ የተኛች ጊዜ የሆስፒታሉ በር ላይ ያደሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ግን ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም።

«ደሳለች» አሏት እናቷን፣ ገና ሳይቀመጡ። «አባቱ ንብረት በስልክ ፈቅዷል። ልጁን ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ።»

«ወዴት ነው?» አለች ስርጉት።

«ከእብናት ወዲያ ጠበል አለ። እንዲህ ያለውን የሚያውቁ ሰዎች አሉበት።»

«ጠበል እኮ እዚህም ይጠመቃል፣ ጋሼ። አባ ሞላ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያስነኩታል። አይጮህም።»

«የእኔዎቹ እንደዚያ አይደሉም። ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ውሃውም ከላይ ነው የሚወርደው። ከጮኸ ይያዛል።»

«ይያዛል ማለት?»

አቶ በላይነህ ማሩን ለእናቷ አቀበሉ።

ስርጉት ወደ እናቷ ዞረች። ደሳለች ከቢሮ የመጣችበትን ጫማ እንኳ አላወለቀችም፤ ወለሉን ታያለች። አከራያቸው ወይዘሮ አሰለፈች «ጩኸቱ ካልቆመ ቤቴን ልቀቁልኝ» ካሉ ገና ሳምንት አልሞላም።

«ደከመኝ፣ ስርጉት» አለች። «እኔ አንድ ነገር ብሆን ማን ይይዘዋል? አንቺም የራስሽ ሕይወት አለሽ።»

«ልጁ የሚከተለው አንቺን ብቻ ነው» አሉ አጎቷ፣ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። «ነገ እጁን ይዘሽ ባጃጁ ላይ ታስቀምጭዋለሽ። መናኸሪያ ስንደርስ እኛ እናውቃለን። ጋፋት ነው በይው።»

ጋፋት ቅዳሜ ቅዳሜ እሷና ተስፋነህ በእግር የሚሄዱበት ነው። በእርሻው መሃል በምታልፈው ቀጭን መንገድ ላይ ተስፋነህ ጆሮውን ሳይሸፍን ይሄዳል። ጋፋት ከተባለ ጫማውን ራሱ ያመጣል።

አመሻሹ ላይ ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ተስፋነህ ጆንያዎቹ መሃል ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀመጠ።

«ጋሼ ለምን መጡ?»

«ሊጠይቁን።»

«ማሩን ሰጡ። ለምን አይሄዱም?»

ከወዲያኛው ክፍል የአጎቷና የእናቷ ድምፅ ዝግ ብሎ ይመጣል፤ ቃሉ አይለይም። ተስፋነህ ግን አንገቱን ወደዚያው አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር። ምን ምን እንደሰማ አልነገራትም።

ጠዋት ጉም ሰፈሩን ውጦታል። ባጃጁ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይንተከተካል።

«ጋፋት እንሄዳለን» አለችው። ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነባት።

ተስፋነህ አያት። «ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጋፋት ቅዳሜ ነው።»

«ዛሬም እንሄዳለን።»

ጥቂት አሰበ። ከዚያ ሄዶ ጫማውን አመጣ። ያለ ምንም ጥያቄ እግሩን ሲዘረጋላት ስርጉት ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ሳተችው።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። አጎቷ ባጃጁ አጠገብ ቆመዋል። ወንበሩ ላይ ፌስታል አለ፤ አፉ ተከፍቶ ከውስጡ አዲስ የናይለን ገመድ ጫፍ ብቅ ብሏል።

«ሲስተር፣ ፍጠኚ እንጂ! መናኸሪያው ሳይጨናነቅ!» አለ ሾፌሩ።

ተስፋነህ አንድ እግሩን ባጃጁ ላይ አሳርፎ ቀና አለ። «ጋፋት?»

አጎቷ በዓይናቸው «በይ» አሏት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው። አዎ ብላው አጠገቡ ብትቀመጥ፣ መናኸሪያ እስኪደርሱ ድረስ እጇን አይለቅም። ሰዎቹ ሲይዙትም፣ ገመዱ ሲጠብቅም፣ የሚያየው እሷን ነው።

«አይደለም» አለች ስርጉት። «ዋሸሁህ። እብናት ነው። ብዙ ሰው አለ፤ ጩኸት አለ። ሊያስሩህም ይችላሉ።»

ይጮሃል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም። እጁን ከእጇ መንጭቆ፣ እግሩን ከባጃጁ አውርዶ፣ ሳይሮጥ ወደ ቤት ተመለሰ። የእህል ቤቱ በር ሲዘጋ ተሰማ።

አጎቷ ሊከተሉት ሲሉ ስርጉት በሩ ላይ ቆመች።

«ዞር በይ፣ ልጄ። ለእሱ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ግን አይገቡም።»

«ደሳለች! ተናገሪያት እንጂ!»

እናቷ ነጠላዋን በእጇ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀርታለች። የምታየው ፌስታሉን ነው። «ገመድ እንዳለበት አልነገሩኝም» አለች በቀስታ። ቀጥላም «ዛሬ ይቅር» አለች። ዛሬ አለች እንጂ ጨርሶ ይቅር አላለችም።

አቶ በላይነህ ባጃጁ ውስጥ ገቡ። «እንግዲያው እሁድ ከአባቱ ጋር እመጣለሁ። ሁለት ጎረምሳም ይዤ። ያን ጊዜ በር ላይ የሚቆመውን እናያለን።» ባጃጁ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ ድምፁ ግን ቶሎ አልጠፋም።

ስርጉት የዚያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄደችም። የእናቷን ስልክ ይዛ ጓሮ ወጣች። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ መተማ መንገድ ላይ ስለነበሩ በብዙ ሙከራ ነው የተገኙት።

«በላይነህ ነግሮኛል» አሉ ገና ሰላም ሳትላቸው። ድምፃቸው ደረቅ ነበር። «እሁድ እመጣለሁ።»

«ይምጡ፣ አባባ። ግን ቅዳሜ ይምጡ። ስንማር ገብተው ይዩን። ጫማዎን በር ላይ ያውልቁ፤ ምንም አይናገሩ። ካዩት በኋላ ያሻዎትን ይወስናሉ።»

የሞተር ጉርምርምታ ብቻ ተሰማ። «አባባ?» ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሳ ብትደውል አይነሳም፤ ይስሙ አይስሙ አላወቀችም።

የእህል ቤቱን በር በጣቷ ጫፍ ነክታ ገባች። ተስፋነህ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል። ከእሱ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እጇንም አልዘረጋችለትም።

«ሄዱ?» አለ ሳይዞር።

«ሄዱ።»

«ይመለሳሉ?»

አይመለሱም ብትለው ዛሬ እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

«እሁድ ይመለሳሉ» አለችው። «አባባ ቅዳሜ ይመጡ ይሆናል።»

«ይሆናል?»

«አላውቅም፣ ተስፌ።»

ተስፋነህ ቃሉን ዝቅ ባለ ድምፅ ለራሱ ደገመው። ከዚያ፣ አሁንም ሳይዞር፣ ወደ ጆንያው ጠጋ ብሎ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቀላት።