መቶ ሃያ ማለት የነበረበት ቆጣሪ

መካኒኩ ተካ ካዛንችስ በሚገኘው ጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ በጀርባው እንደተንጋለለ፣ ከመኪና የወረደ አሮጌ ካምቢዮ ደረቱን ተጭኖት ሞቶ ተገኘ። ካምቢዮው የተንጠለጠለበት ሰንሰለት መንጠቆው ተከፍቷል። ሰንሰለቱን ያሰረው ረዳቱ ጉርሜሳ ስለነበር በዚያው ቀን ታሰረ። ጣቢያው ነገሩን «ቸልተኝነት» ብሎ ሊዘጋው ተቻኩሏል።

ኢንስፔክተር ደሊና አልተቻኮለችም። ከሟቹ ሸሚዝ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ የነሐስ ማርሽ አወጣች። ወረቀቱን አነበበችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ከተካ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል» አለቻቸው የጋራዡን ባለቤት ወይዘሮ እጸገነትን።

«ትቶኝ የራሱን ጋራዥ ሊከፍት ነበራ! ግን አምስት ሰዓት ላይ፣ ሞተ በተባለበት ሰዓት፣ መስታወቱ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። ደንበኛ ሁሉ ያየኛል። የጓሮው በር ነው የማይታየው።»

«ይሄ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪናስ?»

«የአቶ ፍሰሃ ነው። ተካ ካምቢዮውን ቀየረለት። ካምቢዮ የተቀየረለት መኪና ቢሾፍቱ ደርሶ ሳይመለስ አናስረክብም። ሲወጣም ሲገባም ዘበኛው ቆጣሪውን ይጽፋል። ዛሬ አቶ ፍሰሃ ራሴ ካልነዳሁ ብሎ ድርቅ አለ። ሁለት ሰዓት ወጣ፣ ስምንት ሰዓት ገባ። ልቅም ያለ ዘጠና ኪሎ ሜትር።»

ፍሰሃ መጠየቁ አስቆታል። «እሱ ሲሞት እኔ ቢሾፍቱ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ቆጣሪውን እይው እንጂ፣ እህቴ።»

«ቆጣሪው አላስቸገረዎትም?»

«እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው!»

ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ።

በሦስተኛው ቀን ደሊና ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበች። ጉርሜሳ በካቴና መጣ። ከላንቻ ደግሞ የፍሰሃ ጎረቤት ቅድስት ሕፃን ልጇን አዝላ መጥታለች።

«አዲሱ ካምቢዮ ከሌላ መኪና የመጣ ነው» አለችው ደሊና ፍሰሃን። «ቆጣሪውን የሚያዞረው ማርሽ ስለማይመጥን ሦስት ኪሎ ሜትር ሲኬድ አራት ይቆጥራል። ተካ ይህችን ኪሱ ውስጥ የተገኘች ማስተካከያ ማርሽ አስቀርጾ ነበር። ከመግጠሙ በፊት ግን ልኩን በእርስዎ ጉዞ ሊያረጋግጥ ፈለገ። ‹ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ ዘጠና ነው። ቆጣሪው መቶ ሃያ ካለ ይህ ይገጠም› ብሎ መጠቅለያዋ ወረቀት ላይ ጽፏል። ዛሬ ጠዋት ራሴ ነድቼው ተመለስኩ። መቶ ሃያ አለ።»

የፍሰሃ ፊት ተለወጠ። «እ... ማለቴ፣ በቃ፣ ዱከም ላይ ነው የተመለስኩት።»

«ቢሾፍቱ ሻይ ጠጣሁ ብለው ፈርመዋል። ሄደው ቢሆን ኖሮ ቆጣሪው መቶ ሃያ ብሎ ይዋሽ ነበር። ስላልሄዱ ነው ልኩን የተናገረው። ቅድስት፣ ያየሽውን ንገሪያቸው።»

«የዚያን ቀን የመኪናው ሞተር ልጄን አላስተኛ ሲለኝ ልለምናቸው በአጥሩ አጮለቅሁ። ጋሼ ፍሰሃ የሉም። መኪናው ግቢያቸው ውስጥ በክሪክ ተነስቶ፣ የኋላ ጎማዎቹ አየር ላይ ለብቻቸው ይዞራሉ። ከስድስት ሰዓት በኋላ መጥተው አጠፉት።»

«ጎማው ዘጠናውን ሲቆጥርልዎት፣ እርስዎ በጓሮ በር ገብተው መንጠቆውን ከፈቱ» አለች ደሊና። «በጥቅምት ላንቻ ላይ አንዲት ተማሪ ገጭተው ገድለዋል። ፍሬኑ ማለቁን ተካ አስቀድሞ ነግሮዎት ነበር። ይህንኑ ሰኞ ፍርድ ቤት ሊመሰክር ነበር።»

ካቴናው ከጉርሜሳ እጅ ወጥቶ ፍሰሃ እጅ ገባ።

ሰዉ ሲበተን ደሊና ጉርሜሳን አስቀረችው። «ተካ ስለ ፍሬኑ ሲነግረው አንተም ነበርክ?»

ጉርሜሳ በካቴናው የቆሰለ እጁን አሸ። «ነበርኩ።»

«የልጅቷ ጉዳይ ሌላ ምስክር የለውም። ሰኞ ትመጣለህ?»

ጉድጓዱን አየ። «አቶ ፍሰሃ ወንድሞች አሏቸው፣ ኢንስፔክተር። እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ።»

የነሐሱን ማርሽ ከደሊና መዳፍ አንስቶ ጥርሶቹን በጣቱ ዳሰሰና መለሰላት። «ተካ ልክ አይስትም ነበር» አለ።

ሰኞ የተማሪዋ እናት ከሁሉም ቀድማ ችሎት ገባች። ዳኛው የምስክሩን ስም ሁለት ጊዜ አስጠሩ። ደሊና ወደ በሩ ዞራ ጠበቀች። ማንም አልገባም።