የማኅበሩ አምባዛ

ዶሮ ሁለተኛ ሲጮኽ ፈንታነሽ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ከምድጃው ፍም ገልጣ እሳት አያያዘች፤ ከዚያም እንደ ወትሮዋ ከወፍጮው ፊት ተንበርክካ መጁን በሁለት እጇ ያዘች። አመዶ፣ የቤቱ ድመት፣ ከምድጃው ዳር ሞቅ ያለው አመድ ላይ ተጠቅልላ ታንኮራፋለች። ከጋፋት በኩል የብረት ቀጥቃጮቹ መዶሻ ገና አልተሰማም። የአሥራ አራት ዓመቷ ፈንታነሽ ደብረ ታቦር አጎቷ ቤት ከመጣች ወዲህ ጠዋት ሁሉ የሚጀምረው እንዲህ ነበር። እሷ ትፈጫለች፤ ድመቷ ትተኛለች። ከሁለቱ የማንኛቸው ዕድል እንደሚሻል ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልጋትም ነበር።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከውጭ ተሰማ።

የይፋጉ ነጋዴ ሙላቴ ነው። ከበቅሎው ጭነት ላይ አፈ ሰፊ እንስራ በጥንቃቄ አወረደ። ውስጡ ሦስት አሳ ነበር፦ ሁለት ቆሮሶና አንድ ባለ ጢም አምባዛ። ሦስቱም በሕይወት።

ነገሩ የመጣው ከአጎቷ ከአያሌው አፍ ነው። ባለፈው ወር የገብርኤልን ማኅበር ጽዋ ተረክቦ ሲወጣ፣ «በእኔ ተራ ሽሮ የለም! በጾሙ ትኩስ አሳ ነው የማበላችሁ!» ብሎ ፎከረ። ማኅበርተኛው ሳቀ። ከሐይቁ ዳር ከይፋግ ወደ ደጋ የሚወጣ አሳ ከባለቤቱ በፊት ሽታው እንደሚገባ የማያውቅ የለም። አሳ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚል ክርክርም ተነሥቶ ነበር፤ መምሬ አስረስ ግን በአጭሩ ዘጉት፤ «መጀመሪያ ይምጣ። ከዚያ እንከራከራለን።» አያሌው በእልህ፣ አሳው ከነሕይወቱ እንዲመጣለት ሙላቴን አዘዘ። ችግሩ ሙላቴ የደረሰው ከታኅሣሥ ገብርኤል አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ መሆኑ ነው።

«አሁን ማን ሊጠብቃቸው ነው?» አለች የአያሌው ሚስት ዘነበች። «እኔ እንደሆነ ከዶሮና ከጥጃ በቀር አላውቅም።»

ፈንታነሽ መጁን እንደያዘች አፏ ቀደማት። «እኔ አውቃለሁ፣ እትዬ! ይፋግ አያቴ ቤት አሳ ስጠብቅ ነው ያደግሁ።»

አያቷ ቤት ስትጠብቅ ያደገችው ጥጃ ነው። አሳ ያየችው ገበያ ላይ ተዘርግቶ ነው፤ ያውም አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ።

አያሌው ደስ አለው። «እንግዲያው እስከ ገብርኤል መጅ እንዳትነኪ! ሥራሽ አሳ ነው። ከጠፋብኝ ግን ሰው ፊት መቆሚያ የለኝም፤ እወቂው።»

ዘነበች ወፍጮውን አየች። ወደ ማን እንደዞረ ገብቷታል።

ሙላቴ ሲሰናበት፣ «ልጄ፣ ከመጡበት ውሃ ጨርሰሽ አትለያቸው። ትንሽ ቀንሰሽ ትንሽ ጨምሪ፤ የምትጨምሪውንም አስቀድሞ ፀሐይ ይምታው» አላት። ማንም ልብ አላለውም። ነጋዴ ዕቃውን ካስረከበ በኋላ አንድ ነገር ሳይናገር አይሄድም።

አሳዎቹ ጓዳ ካለው ትልቅ ጋን ገቡ። በማግስቱ ጎረቤታቸው እማሆይ እመቤቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡና ጋኑን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ኧረ በማርያም! በዚህ ጭቃ ነው የምታኖሪያቸው? ድፊውና የምንጭ ውሃ ሙይው። ጥሩ ውሃ የሚጠላ ፍጥረት የለም።»

«እማሆይ፣ አሳ ጠብቀው ያውቃሉ?»

«እኔ? ከመነኮስኩ እንኳን ልጠብቅ በዓይኔም አላየሁ።»

ፈንታነሽ ግን የምታውቅ መስላ መታየት ነበረባት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጥርስ የሚያንገጫግጭ የምንጭ ውሃ ቀድታ፣ አሮጌውን ውሃ እስከ ጠብታው ደፍታ፣ አዲሱን ሞላች። ረፋዱ ላይ አንዱ ቆሮሶ በጎኑ ተንሳፍፎ ነበር። ሰው ሳያያት አውጥታ ከጓሮው ጌሾ ሥር ቀበረችው።

ከሰዓት በኋላ አያሌው ጎድጓዳ ወጭት ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። በጋኑ ጨለማ ውስጥ የሚታየው ጀርባ ብቻ ስለሆነ ስንት እንደሆኑ አልቆጠረም።

«ከስተዋል» አለ።

«ጋሼ፣ አሳ መክሳቱ በምን ይታወቃል?»

«ሙክት ሳደልብ የኖርኩ ሰው እኔ ነኝ፤ ታስተምሪኛለሽ? ይኸው አተላ፤ ይኸው የባቄላ ክክ። ጨውም ጣል አድርጊበት፤ ጨው አፍ ይከፍታል።»

«አተላ ይበላሉ?»

«በግ የበላውን አሳ ምን ቆርጦት ይተወዋል!»

ፈንታነሽ፣ «አያቴ ቤት እንዲህ አናደርግም» ልትል ነበር። አያቷ ቤት ምን እንደሚደረግ ግን አታውቅም። ወጭቱ ተገለበጠ። በማግስቱ ጋኑ ጠላ ጠላ ሸተተ፤ ሁለተኛው ቆሮሶም ሞተ። ጠግቦ ይሁን ሰክሮ እግዜር ይወቅ። እሱም ከጌሾው ሥር ገባ።

አምባዛው ብቻ ጢሙን እያወዛወዘ ቀረ። ፈንታነሽ ጋኑን በሰፌድ ከድና፣ ሰዎች ሊያዩ ሲመጡ «ተኝተዋል» እያለች ሁለት ቀን ሰነበተች።

በአምስተኛው ቀን የጎረቤት ልጅ ሞላ አሳ ሊያይ መጣ። ሞላ ጋፋት ከፈረንጆቹ አንጥረኞች ዘንድ ወናፍ ይነፋል፤ ከዚያ የሰማውን ካልተናገረ እንቅልፍ አይወስደውም።

«ፈረንጆቹ ሲያወሩ ሰማሁ» አለ። «በአገራቸው አሳ በመስተዋት ሳጥን ውስጥ ያኖራሉ። ቅጠልም ይተክሉለታል።»

«ሊበሉት?» አለች ዘነበች።

«አይ። ሊያዩት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አያሌው ጉልበቱን መታ። «ሊያዩት! ወጥ ሳይሠራ! ተቀምጠው አሳ ሊያዩ! አንተ ልጅ፣ ወናፉን ስትነፋ ጭሱ ጭንቅላትህ ገብቷል!»

«የሰማሁትን ነው የነገርኳችሁ» አለ ሞላ ጆሮው እየቀላ።

ሳቁ ሳይበርድ አመዶ በሩን አልፋ ገባች። ጭራዋን ቀጥ አድርጋለች። በአፏ፣ አፈር ያለበት የቆሮሶ ጅራት ይዛለች።

ሳቁ ቆመ። አያሌው ወደ ጓዳ ሮጦ ሰፌዱን አነሣ፤ እጁን እስከ ብብቱ ከትቶ ውሃውን አማሰለ። «አንድ! አንድ ብቻ! ይቺ ሌባ ሁለቱን በልታብኛለች!»

ሁሉም ፈንታነሽን አዩ። ፈንታነሽ አፏን ከፈተች። ከአጎቷ ትከሻ ኋላ ወፍጮው ይታያል፤ መጁ ላዩ ላይ ተቀምጧል። አፏን መልሳ ዘጋች።

የዚያን ዕለት ከተማ የሰነበተው ሙላቴ ወደ ገሳይ ገበያ ሊሻገር ጭነቱን ሲያጠብቅ፣ አመዶ መንገዱን እንዳታውቅ በስልቻ ታስራ በቅሎው ላይ ተጫነች። ጩኸቷ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ይሰማ ነበር። ፈንታነሽ የሚሠራ ነገር ፈልጋ፣ ንጹሑን ግቢ እንደገና ጠረገች።

አያሌው ሌላ ድመት እንዳይደፍረው ጋኑን እስከ አፉ ድረስ ውሃ አስሞላ፤ አክንባሎ ደፍቶበት ዙሪያውን እንደ ጠላ ጋን በጭቃ መረገው። «አሁን እንኳን ድመት፣ ሌላም አይገባበት!» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ከጓዳው ዱብ! የሚል ተሰማ። ዱብ! ዱብ!

ድምፁን ሰምተው የገቡት እማሆይ እመቤቴ አማተቡ። «በስመ አብ! ጋኑ ሰይጣን አድሮበታል!» ጸበል አስመጥተው ጋኑን ረጩት። ዱብ ዱብ ዱብ! አለ የባሰ።

«አያችሁ፣ እየተቃጠለ ነው!» አሉ እማሆይ በእርካታ።

ፈንታነሽ ጆሮዋን ወደ ጋኑ አስጠግታ አዳመጠች። ሰይጣን የሚመታውን አታውቅም፤ ይኼ ግን ከአክንባሎው ሥር፣ ከአንድ ቦታ ብቻ ነው የሚመታው። ሊወጣ የሚፈልግ ነገር ጎኑንም ይመታ ነበር። ጭቃውን በጥፍሯ ፈልፍላ አክንባሎውን አነሣች። ባለ ጢሙ አፍ ብቅ አለና አየር ጉልፍ አድርጎ ውጦ ቁልቁል ወረደ። ቆየት ብሎ እንደገና ወጣ። ጉልፍ።

«ይተነፍሳል» አለች። «እንደኛ።»

«አሳ አይተነፍስም!» አለ አያሌው።

«እሺ፣ ጋሼ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈንታነሽ ለሁሉም «እሺ» እያለች የማንንም አላደረገችም። ጋኑን ስንዝር ያህል አጎደለችው። ጠዋት አንድ ቅል ውሃ ትቀንሳለች፤ ትናንት ቀድታ ፀሐይ ላይ ያዋለችውን አንድ ቅል ትጨምራለች። አተላውን ለበጎቹ ሰጥታ፣ ለአምባዛው ከጓሮው የቆፈረችውን ሁለት ሦስት ትል ጣል ታደርግለታለች። እማሆይ ጸበል ሲሰጧት «እሺ፣ እማሆይ» ብላ ራሷ ትጠጣዋለች። ሥራዋን ስትጨርስም ከጋኑ አጠገብ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ዝም ብላ ታየዋለች። ሞላ የተሳቀበት ነገር ያን ያህል እንደማያስቅ ለማንም አልተናገረችም።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት አሥራ ሁለት ማኅበርተኛ ተሰበሰበ። አምባዛው በወጥ ሆኖ ቀረበ። ፈንታነሽ ያን ጊዜ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር፤ ማንም ሳይልካት።

መምሬ አስረስ ሳህኑን አይተው፣ «ጌታችን በሁለት አሳ ነው የጀመረው። አያሌው በአንድ ጀምሯል፤ እንግዲህ ስንት መሶብ እንደሚተርፍ እናያለን» አሉ። ለእያንዳንዱ የጣት ያህል ደረሰ፤ ለጾሙ ክርክር የሚበቃ አልነበረም። ቢሆንም ትኩስ ነበር፤ በጾሙ ደብረ ታቦር ላይ ትኩስ አሳ! አያሌው ቀኑን ሙሉ ከወንበሩ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ የተቀመጠ መሰለ።

«ይቺ ልጅ ናት!» አለ ፈንታነሽ እንስራዋን ተሸክማ ስትገባ። «ከእንግዲህ ወፍጮ አትነካም። ለማኅበሩ ሁሉ አሳ ጠባቂ ናት። ያቺ ሌባ ድመት ባትኖር ሦስቱም በደረሱ ነበር።»

መምሬ አስረስ ጣታቸውን እየጠረጉ፣ «እኔን የሚገርመኝ» አሉ፣ «ድመት ውሃ ትጠላለች። ከጋን ሥር እንዴት አድርጋ አወጣቻቸው?»

«ድመት ናታ!» አለ አያሌው።

መምሬ አስረስ ዓይናቸውን ወደ ፈንታነሽ መለሱ። በዚያው ጊዜ ከእህሉ ጎታ ሥር አይጥ ወጥታ፣ በማኅበርተኛው እግር መሃል ተሯሩጣ አለፈች። ዘነበች ብድግ ብላ ጮኸች። በአምስት ቀን ውስጥ አራተኛዋ ናት።

በማግስቱ ዶሮ ሁለተኛ ሲጮኽ ዘነበች የወፍጮ ድምፅ ሰምታ ነቃች። ፈንታነሽ ተንበርክካ ትፈጫለች።

«ምን ሆነሻል? ነፃ ወጥተሽ የለም እንዴ?»

ፈንታነሽ መጁን ሳትለቅ ተናገረች። «እትዬ፣ አመዶ አልገደለቻቸውም። ሞተውብኝ ቀብሬያቸው ነው፤ ቆፍራ ነው ያወጣቻቸው። ይፋግም አሳ ጠብቄ አላውቅም።»

ዘነበች ነጠላዋን አጣፍታ ከምድጃው ዳር ተቀመጠች። አንድ ጊዜ የምትቆጣ፣ አንድ ጊዜ የምትስቅ መሰለች። «አተላውን የሰጠው አጎትሽ ነው» አለች በመጨረሻ። «ለእሱ እኔ እነግርልሻለሁ።»

«አይሆንም። ለጋሼ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ሲነሡ።»

ፀሐይ ሳትበረታ ሙላቴ ከገሳይ መልስ በደጅ አለፈ። ፈንታነሽ ዱቄት እንደተቀባች ሮጣ ወጣች። በቅሎው ላይ ያለውን ጭነት ሁሉ አየች።

«ድመቷስ?»

«እኔንጃ፣ ልጄ። ገሳይ ስደርስ ስልቻው ተቀዶ ባዶውን ነበር።»

ወደ ቤት ተመለሰች። አያሌው ነቅቶ ጋቢውን ሲያጣፋ ይሰማል። ፈንታነሽ እጇን አራግፋ ቀና ብላ ቆመች፤ ጠበቀችው። ጋኑ ተደፍቶ ታጥቧል። ከምድጃው ዳር አመዱ ሞቅ እንዳለ ነው። ድመቷ የለችም።