ፈንዲሻ የሆነችው ሳንቲም

«ፈንዲሻ ገዛሁባት» አለች ኩንዳይ፣ አፏ እንደሞላ።

ታላቅ እህቷ ቺዬድዛ የምታጥበውን ሸሚዝ ሳፋው ውስጥ ለቀቀችው። «በየቷ ሳንቲም?»

«አባባ ለእማማ ስጫት ባለኝ። መንገድ ላይ ራበኝ።»

ቺዬድዛ ወዲያው ገባት። እዚህ ማስቪንጎ ሚስቱን የሚፈታ ባል ሳንቲም ይሰጣታል፤ ጉፑሮ ይሏታል። ሚስትየዋ ሳንቲሟን ይዛ ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ በትከሻው የሚያወርደው አባቷ፣ አንዲት ሳንቲም ከብዳው በሰባት ዓመት ልጅ ላካት።

እናቷም ብትሆን አትሻልም። ትናንት ማታ «ለዚያ ሰውዬ ጨው አልቋል በይው» ብላ ኩንዳይን ስትልክ፣ ሰውዬው የተባለው አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማ ነበር።

«እማማ ትቆጣኛለች?» አለች ኩንዳይ።

«እዚሁ ጠብቂኝ።»

አባቷን ከሚሠራበት ሱቅ በር ላይ፣ ከሲሚንቶው ክምር አጠገብ አገኘችው። ቀና ሳይል «ሰጠቻት?» አላት።

«ፈንዲሻ ገዝታ በላችባት።»

አንዱ ተሸካሚ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አባቷ ኪሱን ዳበሰና ሌላ ሳንቲም ዘረጋላት። «እንኪ፣ አንቺ ስጫት። አንቺ እንኳን ትልቅ ሰው ነሽ።»

ቺዬድዛ እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። «ቤቱ እዚያው ነው አባባ። በሩም አልተቀየረም።»

«ከእናትሽ ጋር ጭቅጭቅ ሰልችቶኛል።»

«አትጨቃጨቅ። ሰጥተሃት ውጣ። ለኩንዳይ ግን ምን እንዳሸከምካት ቁጭ ብለህ ራስህ ንገራት። እኔ አልነግርልህም።»

«ለአባትሽ ነው እንዲህ የምትናገሪው?»

«ለአንተ ነው» አለችና ዞራ ሄደች። ሳንቲሟ መዳፉ ላይ ቀረች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ደጃፍ ቆማ ኩንዳይን ታጣድፋታለች። «ያ ሰውዬ ምን አለ? ንገሪኝ እንጂ፣ ምን ብሎ ላከሽ?»

«ሱቁ ጋ አለልሽ» አለች ቺዬድዛ። «ሄደሽ ራሱን ጠይቂው። ከዛሬ ጀምሮ እሷ አትላክም፤ እኔም አልላክም።»

ቺዬድዛ የእህቷን እጅ ይዛ ከግቢው ጀርባ፣ ማንጎው ሥር ወሰደቻት።

ኩንዳይ ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል። «ሳንቲሟ የምን ነበረች?»

«አባባ ራሱ ይነግርሻል። አንቺ ግን ምንም አላጠፋሽም። ከሁላቸውም በደንብ ያዋልሻት አንቺ ነሽ። ለእኔስ አላስቀረሽልኝም?»

ኩንዳይ ኪሷን ገለበጠች። ሦስት ፍሬ ፈንዲሻ፣ ከክር ብናኝ ጋር። ሁለቱን ለእህቷ ሰጠቻት።