ከላይ የተወተፈው ጨርቅ

ፋሲካ የሞተችው ዓረብ አገር፣ ፋናር በሚባል ሰፈር፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ፎቅ ቤት፣ ከአልጋ ሌላ ምንም በማትይዝ የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ነው። አጠገቧ የኩሽናው የጋዝ ቦምቦላ ተከፍቶ ባዶውን ቆሟል። አንገቷ ላይ ሻርፕ ተጠምጥሟል። ሐኪሙ ከበር ሳያልፍ አፍንጫውን ይዞ «ጋዝ» ብሎ ጻፈ። ለሠራተኛ ብሎ እጁን ማቆሸሽ አልፈለገም።

ሲቲናን ከቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ያስጠሯት ለትርጉም ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ አሁን ለፖሊስ የምታስተረጉም የወሎ ሴት ናት። ቤት ስትገባ ዓይኗ ከሰው ፊት በፊት ጥጋጥጉን ያያል።

«ይህችን አናዝዢልኝ» አላት የመቶ አለቃ ጋሳን ሁለተኛዋን ሠራተኛ ከሪማን እየጠቆመ። «ትናንት ከሟቿ ጋር ተጣልታለች። ተኝታ ሳለች ቦምቦላውን አስገብታ ከፈተችባት። ያላ፣ ቶሎ።»

ሲቲና መጀመሪያ ክፍሏን አየች። ጣራው ሥር ያለችው የአየር መግቢያ በመወልወያ ጨርቅ ተወትፋለች። ከበሩ ሥር ግን የበረንዳው ብርድ እየገባ እግሯን ነካት። ወደ ኩሽና ሄደች።

«እታለም፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም!» አለች ከሪማ ወለሉ ላይ ተኮራምታ። «የተጣላነው በቻርጀር ነው። በቻርጀር ሰው ይገደላል?»

«ባነሰም ይገደላል። ጋዝ ሲሸትሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«የበረንዳውን በር ከፍቼ በመጥረጊያ እጠርገዋለሁ። ያኒ፣ እንደ ውሃ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ማዳሜ ናት ያስተማረችኝ።»

የቤቱ እመቤት ማዳም ጆስሊን ሳሎን ተቀምጣ ጥፍሯን ታያለች። ሲቲና ስለ መጥረጊያው ጠየቀቻት። «ፓርዶን፣ ቤቴን ያቃጥሉብኝ? በመጡ ቀን ነው መጥረጊያ አስይዤ ያሳየኋቸው። ፋሲካ ደህና ነበረች። ሸሚዝ አተኳኮሷ!»

ባሏ ሙስዩ ናዲም ክራቫቱን እያሰረ ነው። ከባሕሩ ሥር ጋዝ ለመፈለግ ውል በተፈረመበት በዚያ በፈረንጆች 2018 የብርድ ወራት፣ ባለሀብቶችን በንግግር እያግባባ ይኖር ነበር።

«ቶሎ ጨርሱ። ኮንፈረንስ አለብኝ።»

«ስለ ምንድን ነው፣ ሙስዩ?»

ናዲም ደረቱን ነፋ። «የዓለም የኃይል ፍላጎት በየዓመቱ ያድጋል። ከሰል ያጨሳል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ነፋስ ይቆማል። ክፍተቱን የሚሞላው ጋዝ ነው። ገባሽ?»

«ቢያመልጥ አያፈነዳንም?»

«ከአየር ይቀላል፤ ሽቅብ ወጥቶ ይበተናል። ልጅ እንኳ ያውቀዋል።»

«ሜርሲ። ቦምቦላ ቀይረው ያውቃሉ?»

«እኔ?» ከልቡ ሳቀ።

ሲቲና ሁሉንም ሬሳው ካለበት ክፍል በር ላይ ሰበሰበች።

«ጌታዬ፣ ወደ ላይ ይመልከቱ» አለች ለጋሳን። «ገዳዩ ጋዙ እንዳይወጣበት ከላይ ወተፈ። ከበሩ ሥር ግን ሁለት ጣት ክፍተት አለ፤ አልነካውም። የቦምቦላ ጋዝ እንደ ባሕሩ ጋዝ አይደለም፣ ከአየር ይከብዳል፤ በዚያ በኩል ወደ በረንዳ ፈሶ አልቋል። ፋሲካን ጋዝ አልገደላትም። ከሞተች በኋላ ነው የተከፈተባት።»

«ማን ከፈተው?»

«ከሪማ ብትሆን የምትወትፈው ሥሩን ነበር። ማዳምም እንደዚያው፤ አስተማሪዋ እሷ ናት። በዚህ ቤት ጋዝ ሁሉ ሽቅብ ይሄዳል ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ነው። ስለ ባሕሩ ጋዝ ሺህ ገጽ አንብቧል፤ የኩሽናውን ቦምቦላ ግን አንድ ቀን አልተሸከመም። ሻርፑን ይግለጡት።»

ጋሳን ገለጠው። የጣቶች በለዝ አንገቷን ዞሯታል።

ናዲም ክራቫቱን ጎተተ። «ፓስፖርቴን ስጠኝ አለችኝ። እራት ላይ፣ በእንግዶቼ ፊት!»

«ድምፅ ሰምቼ ነበር» አለች ማዳም ጆስሊን በእርጋታ። «ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግሁት።»

ካቴና ሲገባለት ጋሳን ወደ ከሪማ ዞረ። «የዚህችስ ዋስ፣ ከፊሏ ማነው?»

ማዳም በአገጯ ባሏን ጠቆመች። «እኔ አልወስዳትም። ቤቴን ፖሊስ አስረገጠችው።»

«እንግዲያው ያለ ዋስ የመኖሪያ ወረቀት የላትም። ወደ አገሯ እስክትባረር እስር ቤት ትቆያለች። ንገሪያት።»

የተናገሩት ዓረብኛ ስለፈጠነ ለከሪማ አልገባትም። ያየችው የናዲምን ካቴና ብቻ ነው። ጫማዋን እያጠለቀች ፈገግ አለች።

«ኸላስ፣ አለቀ አይደል፣ እታለም? ነፃ ወጣሁ?»

ሲቲናን የጠሯት ለትርጉም ነበር። ተረጎመችላት።